ባዶው ሳጥን የሚጠይቀው

እ.ኤ.አ. በ1885 መገባደጃ ላይ በጀርመን ፍራይበርግ ከተማ አጠገብ ካለው የሂመልስፉርስት የብር ማዕድን ማውጫ ከዚያ ቀደም ያልታወቀ ድንጋይ ወጣ። የከተማዋ የማዕድን አካዳሚ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ክሌመንስ ቪንክለር ምን ምን እንደያዘ እንዲመረምር ተሰጠው። ቪንክለር በጥንቃቄው የታወቀ ባለሙያ ነበር፤ ድንጋዩን ወደ ክፍሎቹ ለያይቶ እያንዳንዱን መዘነ። ከመቶው ሰባ አምስት ያህሉ ብር፣ አሥራ ሰባት ያህሉ ድኝ ሆኖ ተገኘ፤ ጥቂት ብረት፣ ጥቂት ዚንክና ጥቂት ባዜቃም ነበረበት። ድምሩ ግን መቶ አልሞላ አለ። ምርመራውን ደጋገመው፤ በየጊዜው ሰባት በመቶ ያህል ይጎድላል። ሚዛኑም እጁም አልተሳሳቱም። ስለዚህ በድንጋዩ ውስጥ ማንም የማያውቀው፣ ከተለመዱት የመለያ መንገዶች ሁሉ የሚያመልጥ ንጥረ ነገር አለ ማለት ነው። ከብዙ ልፋት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1886፣ ያመለጠውን ያዘው፤ በአገሩም ስም ጀርማኒየም አለው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጀርማኒየም በኬሚስትሪ ታሪክ ትልቅ ቦታ ያገኘበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት፣ በ1871፣ የሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ ማንም አይቶት የማያውቀውን የዚህን ንጥረ ነገር ጠባይ ዘርዝሮ አሳትሞ ነበር። የአቶም ክብደቱ 72 ይሆናል አለ፤ ቪንክለር ሲለካው 72.3 ሆነ። እፍግታው፣ ማለትም ከውሃ ጋር ሲነጻጸር የሚከብድበት እጥፍ፣ 5.5 ይሆናል አለ፤ 5.47 ሆነ። ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ አንዱ አቶም ሁለት የኦክስጅን አቶሞች ይይዛል፣ የውህዱም እፍግታ 4.7 ይሆናል አለ፤ እንዳለው ሆነ። ከክሎሪን ጋር ሲዋሃድ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሚፈላ ፈሳሽ ይወጣዋል አለ፤ ፈሳሹ በ86 ዲግሪ ፈላ። ሜንዴሌቭ ይህን ሁሉ ሲናገር በእጁ የነበረው ንጥረ ነገሮችን በረድፍና በዓምድ ያሰፈረበት ወረቀት ነበር፤ በወረቀቱም ላይ ከሲሊከን በታች፣ ከቆርቆሮ በላይ፣ አንድ ባዶ ሳጥን።

የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ ማወቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ታሪክ የተሻለ የሚያሳይ ያለ አይመስለኝም። ማወቅ ማለት ከተሰጠው ተነሥቶ ስላልተሰጠው መናገር መቻል ነው። ሠንጠረዡ ራሱ በሳይንስ ዓለም ተቀባይነት ያገኘው በዚህ ዓይነት ፈተና አልፎ ነው። ተማሪዎቻችንን ስንፈትን ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ የዚህ ንጥረ ነገር ምልክት ምንድን ነው? አቶሚክ ቁጥሩ ስንት ነው? በስንተኛው ምድብ ይገኛል? እነዚህ ጥያቄዎች በሠንጠረዡ ላይ የተጻፈውን ይለካሉ፤ ሠንጠረዡ የሚሠራውን ሥራ አይለኩም። ሠንጠረዡ በተፈተነበት መንገድ ተማሪውም መፈተን አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ማስረጃዎቹንና ተቃውሞዎቹን በየተራ ላቅርብ።

የመምህር ሥራ

ሠንጠረዡ የተወለደው አንድ መምህር ለተማሪዎቹ መጽሐፍ ሲጽፍ ነው። በ1860ዎቹ መጨረሻ ሜንዴሌቭ «የኬሚስትሪ መሠረቶች» የተባለውን የመማሪያ መጽሐፉን እያዘጋጀ ነበር። በዘመኑ የሚታወቁት ንጥረ ነገሮች 63 ናቸው። የመጀመሪያው ቅጽ ግን ስምንቱን ብቻ ዘርዝሮ አለቀ፤ ሃምሳ አምስቱ ለሁለተኛው ቅጽ ተረፉ። ለእያንዳንዱ ያንኑ ያህል ገጽ መስጠት አይቻልም። አንዱን ያወቀ ተማሪ ስለ ሌላው አንድ ነገር እንዲያውቅ የሚያደርግ ሥርዓት የግድ አስፈለገ። የሠንጠረዡ መነሻ እንግዲህ ዛሬም በየክፍሉ ያለው ችግር ነው፤ ስሙ ብዙ፣ ጊዜው ጥቂት።

በሩሲያ የድሮ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1869፣ ባሁኑ ማርች 1 ቀን፣ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ አለ። ጉዳዩ ሜንዴሌቭ ሊያደርገው ስለታሰበ የአይብ ማምረቻዎች ጉብኝት ነው። በደብዳቤው ጀርባ ላይ ሜንዴሌቭ የንጥረ ነገሮችን የአቶም ክብደት እያጠጋጋ ማወዳደር ጀመረ። የሐሳቡን መንገድ ማንም በወረቀት ሊደግመው ይችላል። የመጀመሪያው ቅጽ ያበቃው በእነ ክሎሪን ነው፤ ፍሎሪን፣ ክሎሪን፣ ብሮሚንና አዮዲን ጠባያቸው የሚመሳሰል አራት ንጥረ ነገሮች ናቸው። ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ሩቢዲየምና ሲዝየም ደግሞ በጠባይ የእነዚህ ፍጹም ተቃራኒ የሆኑ፣ እርስ በርስ ግን የሚመሳሰሉ ለስላሳ ብረታ ብረቶች ናቸው። ክብደታቸውን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ፍሎሪን 19፣ ሶዲየም 23፤ ክሎሪን 35.5፣ ፖታሲየም 39፤ ብሮሚን 80፣ ሩቢዲየም 85፤ አዮዲን 127፣ ሲዝየም 133 ይሆናሉ። በጠባይ የተራራቁት ሁለቱ ቤተሰቦች በክብደት ሁልጊዜ ጎረቤት ሆነው ተገኙ። ይህ አንድ ጊዜ ቢሆን አጋጣሚ ይባላል፤ አራት ጊዜ ሲደጋገም ሕግ መኖሩን ይጠቁማል። ክብደት እየጨመረ ሲሄድ ጠባይ በየተወሰነ ርቀት ይመለሳል፤ ሠንጠረዡ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ይህን ድግግሞሽ ያየው ሜንዴሌቭ ብቻ አልነበረም። እንግሊዛዊው ጆን ኒውላንድስና ጀርመናዊው ሎታር ማየር ተቀራራቢ ነገር አይተዋል፤ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲም በ1882 የዴቪ ሜዳልያውን ለሜንዴሌቭና ለማየር በጋራ ሰጥቷል። ሜንዴሌቭን የለየው ድፍረቱ ነው። ሕጉ የሚያዝለትን ቦታ የሚሞላ ንጥረ ነገር ሲያጣ ቦታውን ክፍት ተወው፤ ክፍት የተወውንም ነገር ጠባይ በቁጥር ጽፎ ሊያጋልጠው ለሚችል ሁሉ አቀረበ። የተመዘገበ ክብደት ከሕጉ ጋር ሲጋጭበት ደግሞ ክብደቱን ተጠራጠረ። የዩራኒየም የአቶም ክብደት 120 ነው ይባል ነበር፤ በዚያ ክብደት የሚገባበት ቦታ ስለሌለ እጥፍ አድርጎ 240 አለው፤ ዛሬ 238 መሆኑን እናውቃለን። ቤሪሊየም 14 ያህል ነው ይሉ የነበሩ ነበሩ፤ እሱ 9 መሆን አለበት ብሎ ከማግኒዚየም በላይ አስቀመጠው፤ በኋላ የተደረጉ ልኬቶችም ፈረዱለት።

ከሩቅ የታረመ ልኬት

የመጀመሪያው ከባድ ፈተና በ1875 ከፈረንሳይ መጣ። ፖል ኤሚል ሌኮክ ደ ቧቦድራን ከፒሬኔ ተራሮች በወጣ የዚንክ ማዕድን ውስጥ ከዚያ በፊት ያልታዩ ሁለት ወይን ጠጅ የብርሃን መስመሮች አየ፤ አዲሱንም ንጥረ ነገር ጋሊየም አለው። ሜንዴሌቭ ዜናውን ሲያነብ ይህ ከአሉሚኒየም በታች ክፍት ለተወው ቦታ የተነበየው ንጥረ ነገር ነው አለ። ቧቦድራን ባገኘው ትንሽ ናሙና የለካው እፍግታ 4.7 ነበር፤ የሜንዴሌቭ ትንበያ ግን 5.9 አካባቢ ነው። ንጥረ ነገሩን በእጁ የያዘው ሰው አንድ ቁጥር ይናገራል፤ በዓይኑ እንኳ ያላየው ሰው ያ ቁጥር ልክ አይደለም፣ ናሙናህን አጥራ ይለዋል። ቧቦድራን ናሙናውን አጥርቶ ደግሞ ሲለካ 5.9 አገኘ። በ1879 ደግሞ ስዊድናዊው ላርስ ፍሬድሪክ ኒልሰን ስካንዲየምን አገኘ፤ የአገሩ ልጅ ፔር ቴዎዶር ክሌቭም ከሜንዴሌቭ ትንበያዎች አንዱን እንደሚሞላ አሳየ። ጀርማኒየም ሦስተኛው ሆነ። አንድ ትንበያ ቢሳካ ዕድል ነው ሊባል ይችላል፤ ሦስት ተከታትለው፣ በሦስት አገር፣ እርስ በርሳቸው ባልተመካከሩ ሰዎች እጅ ሲሳኩ ግን የሚጠራጠር ሰው ብዙም አልቀረም።

የጋሊየም ታሪክ የዘመናችንን አንድ ተቃውሞ ይመልሳል። ዛሬ የማንኛውም ንጥረ ነገር ቁጥር በስልክ ስለሚገኝ ሠንጠረዡን ማወቅ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ቁጥሩ ይገኛል። የተገኘው ቁጥር ልክ መሆኑን የሚፈርደው ግን ማን ነው? ቧቦድራን ቁጥሩ በእጁ ነበር፤ የጎደለው ቁጥሩ ከጎረቤቶቹ ጋር እንደማይስማማ የሚነግረው ዳኝነት ነው። መረጃ በበዛ ቁጥር ስህተቱም አብሮ ይበዛል፤ የሚሸከመው ተማሪ ሳይሆን የሚያመዛዝነው ተማሪ ይበልጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ የስልኩ መኖር የሚያረክሰው የሽምደዳ ፈተናን ነው፤ የማመዛዘን ፈተናን ያስወድደዋል።

የፈተና ወረቀታችን

በአገራችን ተማሪዎች ሠንጠረዡን በሰፊው የሚማሩት በዘጠነኛ ክፍል ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ የሚሰጥበት ደረጃም ነው፤ ስለዚህ ተማሪው አዲስ ሐሳብን፣ አዲስ ስሞችንና ገና ያልደላደለውን የማስተማሪያ ቋንቋ በአንድ ጊዜ ይሸከማል። የብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ብቻ መሆኑ ሲጨመርበት፣ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ንጥረ ነገሮች ከነቁጥራቸው እንደ ውዳሴ መደጋገም የዕውቀቱ ሙሉ መልክ መስሎ ይታያል። ተማሪው ካልሲየም 20ኛ መሆኑን ይናገራል፤ ካልሲየም ከአንድ የኦክስጅን አቶም ጋር ከተዋሃደ ከእሱ በታች ያለው ስትሮንቲየም ከስንት ጋር ይዋሃዳል ሲባል ግን «አልተማርነውም» ይላል። ተማሪውን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ሰው የሚያጠናው የሚጠየቀውን ነው፤ ፈተና አውጪ የሚጽፈው እያንዳንዱ ጥያቄ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ የጥናት መመሪያ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ በቃል መያዝን የሚከላከለው ነው። ምንም ያልያዘ አእምሮ ከምን ተነሥቶ ያመዛዝናል? ሜንዴሌቭ ራሱ የ63ቱን ንጥረ ነገሮች ጠባይ ጠንቅቆ ባያውቅ ኖሮ ባዶ ቦታው የት እንዳለ አያይም ነበር። ይህ ተቃውሞ ትክክል ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ሆኖም ቃልን ከፈጠራ ጋር እንዴት ማያያዝ እንደሚቻል የገዛ የቅኔ ጉባኤዎቻችን ቀድመው ተረድተዋል። የቅኔ ተማሪ ግሡንና አገባቡን በቃሉ ይይዛል፤ ያለዚያ አንድ እርምጃ አይራመድም። የመምህሩን ቅኔ ሳይሳሳት ቢደግም ግን ተቀኘ አይባልም። ለመምህሩ የሚነግረው ጉባኤ ቃና ከዚያ በፊት ያልተሰማ፣ እሱ ራሱ የቆጠረው መሆን አለበት፤ መምህሩም የሚያርመው ያንን አዲሱን ነው። ቃሉ የግድ ነው፤ ፈተናው ግን በቃሉ ላይ አይቆምም። በሠንጠረዡም እንዲሁ ተማሪው የመጀመሪያዎቹን ሃያ ንጥረ ነገሮችና ዋና ዋናዎቹን ቤተሰቦች በቃሉ ይያዝ፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ያልያዘውን ይሁን።

ሁለተኛው ተቃውሞ የአሠራር ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች የሚፈተኑበት አገር በማሽን የሚታረም የምርጫ ፈተና ይፈልጋል፤ ማመዛዘን ደግሞ በምርጫ አይለካም ይባላል። ይህኛውን አልቀበልም። የሚከተለውን ጥያቄ እንመልከት። በአንደኛው ዓምድ ውስጥ ሊቲየም በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ ሶዲየም በ98፣ ፖታሲየም በ63፣ ሲዝየም በ28። በፖታሲየምና በሲዝየም መካከል ያለው ሩቢዲየም በስንት ዲግሪ ይቀልጣል? ሀ) 150፣ ለ) 75፣ ሐ) 39፣ መ) 10። የሩቢዲየምን መቅለጫ በቃሉ የሚያውቅ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የለም፤ ዓምዱን የሚያነብ ሁሉ ግን ሐን ይመርጣል፤ መልሱም እሱ ነው። ሌላ ጥያቄ፦ በክፍል ሙቀት ክሎሪን ጋዝ፣ ብሮሚን ፈሳሽ፣ አዮዲን ጠጣር ነው፤ ከአዮዲን በታች ያለው አስታቲን ምን ሊሆን ይችላል? ወይም የሴሌኒየምን ሳጥን ሸፍነን ከላዩ ያለውን ድኝ 32፣ ከታቹ ያለውን ቴሉሪየም 127.6፣ ከግራው ያለውን አርሴኒክ 75፣ ከቀኙ ያለውን ብሮሚን 80 እንስጥ። የአራቱ ጎረቤቶች አማካይ 78.65 ይመጣል፤ የሴሌኒየም ትክክለኛ ክብደት 78.97 ነው። ሦስቱም ጥያቄዎች በማሽን ይታረማሉ፤ አንድም ብር ተጨማሪ ወጪ የላቸውም። የሚጠይቁት ጥያቄ አውጪው ትንሽ እንዲያስብ ነው።

ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ጉዳይም እዚህ ላይ ይነሣል። ኬሚካልና መሣሪያ በማያገኝ ትምህርት ቤት ተማሪ ሲዝየምን ውሃ ላይ ጥሎ ማየት አይችልም፤ ቢኖርም አደገኛ ነው። ከሊቲየም ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ለምን ከውሃ ጋር ያለው ፍልሚያ እየበረታ እንደሚሄድ ግን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማስረዳት ይቻላል፤ የውጨኛው ኤሌክትሮን ከማዕከሉ እየራቀ፣ በውስጠኞቹ ኤሌክትሮኖች እየተጋረደ ስለሚሄድ ለመውጣት ይቀልለዋል። ይህ ቤተ ሙከራን አይተካም፤ ቧቦድራንና ቪንክለር ባይለኩ ኖሮ ሜንዴሌቭ ትክክል መሆኑ አይታወቅም ነበር። ነገር ግን ተማሪው አንድ ቀን ቤተ ሙከራ ሲገባ ምን እንደሚጠብቅ አውቆ እንዲገባ ያደርገዋል፤ የሚጠብቀውን የማያውቅ ሰው ያልጠበቀውን ነገር አይለይም።

ትንበያ ሲከሽፍ

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብደኛል፤ ከሠንጠረዡ ታሪክ ራሱ የሚነሣ ነውና። ሜንዴሌቭ ከተነበያቸው ንጥረ ነገሮች መካከል ጨርሶ ያልተገኙ አሉ። በስተእርጅናው ከሃይድሮጅን የሚቀልል ኤተር የተባለ ንጥረ ነገር አለ ብሎ ቦታ ሰጥቶት ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ጌታ ሬይሊ በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከውህድ ከሚወጣው ናይትሮጅን በጥቂቱ እንደሚከብድ ለክቶ፣ አንዱ ሊትር 1.257 ግራም ሌላው 1.250 ግራም ሆኖበት፣ ከዊልያም ራምዚ ጋር በ1894 አርጎንን ሲያገኙ፣ ሜንዴሌቭ አዲሱ ጋዝ ሦስት ሦስት አቶሞች የተያያዙበት ናይትሮጅን ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። በሠንጠረዡ ላይ ለአርጎን የተዘጋጀ ባዶ ሳጥን አልነበረማ። ታዲያ ትንበያ እንዲህ የሚከሽፍ ከሆነ ተማሪን በትንበያ መፈተን ስህተትን ማስተማር አይሆንም ወይ?

አይሆንም፤ ምክንያቱም ሠንጠረዡ ያደገው ትንበያው በከሸፈባቸው ቦታዎች ነው። አርጎን ብቻውን አልነበረም፤ ሂሊየም፣ ኒዮን፣ ክሪፕተንና ዚነን ተከታትለው ተገኙ፤ ከማንም ጋር ለመዋሃድ የማይቸኩሉ አዲስ ቤተሰብ ሆነው አንድ ሙሉ ዓምድ ተጨመረላቸው። ሌላ ምሳሌ ቴሉሪየምና አዮዲን ናቸው። በክብደት ቅደም ተከተል ከሄድን አዮዲን 126.9 ከቴሉሪየም 127.6 መቅደም አለበት፤ በጠባይ ግን አዮዲን የእነ ብሮሚን ቤተሰብ ነው። ሜንዴሌቭ ጠባዩን አመነ፣ የቴሉሪየም ክብደት በስህተት የተለካ ነው አለ። ቦታው ልክ ነበር፤ ምክንያቱ ስህተት። ምስጢሩን የፈታው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞዝሊ በ1913 ነው። ንጥረ ነገሮች የሚያወጡትን ኤክስሬይ ለክቶ፣ ሠንጠረዡን የሚያሰልፈው ክብደት ሳይሆን በአቶሙ ማዕከል ያለው የኤሌክትሪክ ሙል መጠን፣ ዛሬ አቶሚክ ቁጥር የምንለው፣ መሆኑን አሳየ። ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53። ከዚያ በኋላ ባዶ ሳጥን መቁጠር ግምት መሆኑ ቀረ፤ 43፣ 61፣ 72 እና 75 ክፍት መሆናቸው በቁጥር ታወቀ። ሞዝሊ በ1915 በጋሊፖሊ ጦርነት በ27 ዓመቱ ተገደለ፤ የጠቆማቸው ሳጥኖች በሙሉ ግን ከእሱ በኋላ ተሞልተዋል።

ለተማሪም የከሸፈ ትንበያ ከተሳካው ይበልጥ ሊያስተምር ይችላል። ዚንክ በ420 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ከሥሩ ያለው ካድሚየም በ321። ዓምዱን የሚያነብ ተማሪ ከካድሚየም በታች ያለው ባዜቃ በሁለት መቶዎቹ አካባቢ ይቀልጣል ቢል ማንም አይፈርድበትም። ባዜቃ ግን ከዜሮ በታች 39 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ በክፍላችን ሙቀት ፈሳሽ የሆነው ለዚህ ነው። ተማሪው መጀመሪያ ካልገመተ የባዜቃ ፈሳሽነት ከሌላ ሽምደዳ አይለይበትም፤ ከገመተና ከሳተ ግን «ለምን?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ ወደ ጥልቅ ነገር ይወስደዋል፦ በከባድ አቶም ውስጥ ኤሌክትሮኖች ከብርሃን ፍጥነት ጋር በሚወዳደር ፍጥነት ስለሚንቀሳቀሱ የአንስታይን የአንጻራዊነት ሕግ ጠባያቸውን ይለውጣል፤ የባዜቃ አቶሞች ውጨኛ ኤሌክትሮኖቻቸውን ወደ ራሳቸው አጥብቀው ስለሚይዙ እርስ በርስ ያላቸው ትስስር ይላላል። ጥሩ ፈተና የሚሳኩትንም የሚከሽፉትንም ትንበያዎች ይይዛል፤ ከሸፈ ተብሎ ተማሪው ነጥብ አይነፈግም፣ ያመዛዘነበት መንገድ ይታያል።

ከእግራችን በታች

ይህ ሁሉ የክፍል ውስጥ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጨነቅ ነበር። በጉጂ ዞን የቀንጢቻ ማዕድን ውስጥ ታንታለም አለ፤ በስልኮችና በኮምፒውተሮች ውስጥ ላሉ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማከማቻዎች የሚያገለግል ብረት ነው። ታንታለም በተገኘበት ሁሉ ኒዮቢየም አብሮት ይገኛል። ለምን? በሠንጠረዡ ላይ አንዱ ከሌላው በታች፣ በአንድ ዓምድ ስለተቀመጡ ነው፤ የአቶሞቻቸውም ስፋት እኩል ለመሆን ጥቂት ስለሚቀረው ድንጋዩ አንዱን ከሌላው አይለይም። ኒዮቢየም በ1801፣ ታንታለም በ1802 ተገኝተው ሳለ፣ ዝነኛው ዊልያም ዎላስተን በ1809 ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ ነበር፤ ይህ ስህተት በሙሉ እስኪጠራ እስከ 1860ዎቹ ወስዷል። በ1923 ኮፐንሃገን ላይ ዲርክ ኮስተርና ጆርጅ ደ ሄቬሺ 72ኛውን ንጥረ ነገር ሃፍኒየምን ያገኙት በዚሁ ዕውቀት ነው፤ የኒልስ ቦር የአቶም ጽንሰ ሐሳብ 72ኛው የዚርኮኒየም ዘመድ መሆን አለበት ስላላቸው በዚርኮኒየም ማዕድን ውስጥ ፈለጉት፤ እዚያው አገኙት። ጎረቤትን አውቆ የት መፈለግ እንዳለበት ማወቅ የማዕድን ባለሙያ የዕለት ሥራ ነው፤ ማዕድን ያላት አገር ይህን የሚያውቁ ልጆች ያስፈልጓታል።

በስምጥ ሸለቆ ያለው ጉዳይ ደግሞ የጤና ነው። በአካባቢው ብዙ የጉድጓድ ውሃዎች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን፣ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም፣ በላይ ፍሎራይድ ይይዛሉ፤ የነዋሪዎችን ጥርስ ያበልዛል፣ ሲበዛም አጥንት ይጎዳል። ፍሎሪን በዓምዱ አናት ያለ፣ አንድ ኤሌክትሮን ለመቀበል እጅግ የሚቸኩል ንጥረ ነገር ነው፤ ተቀብሎ የሚሆነው ሙል ያለው ቅንጣት፣ ፍሎራይድ፣ ትንሽ ስለሆነ በአጥንትና በጥርስ ማዕድን ውስጥ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ የያዘውን ቦታ በቀላሉ ይወስዳል። ከሥሩ ያለው የክሎሪን ቅንጣት ግን ይሰፋል፤ በገበታ ጨው ውስጥ በየቀኑ ብንበላውም በአጥንታችን ላይ እንዲህ አያደርግም። ይኸው የፍሎራይድ ጠባይ መድኃኒቱንም ይጠቁማል፤ ከተቃጠለ የከብት አጥንት የሚሠራ ከሰል ፍሎራይዱን ይዞ ከውሃው ያወጣል፤ በስምጥ ሸለቆም በሥራ ላይ ውሏል። «የፍሎሪን አቶሚክ ቁጥር ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይነካም። «ፍሎራይድ ለምን ወደ አጥንት ይገባል፣ ክሎራይድ ለምን አይገባም?» የሚለው ጥያቄ ግን የአንድ ወረዳ ልጆች የራሳቸውን ውሃ እንዲረዱ ያደርጋል።

ሠንጠረዡ ዛሬም አላለቀም። በ2016 አራት አዳዲስ ንጥረ ነገሮች ስም ሲሰጣቸው ሰባተኛው ረድፍ እስከ 118 ሞላ፤ 119ኛውን ለመሥራት የሚጥሩ ቤተ ሙከራዎች አሉ። ቢገኝ ቦታው ከፍራንሲየም በታች ነው፤ ስለዚህ ከእነ ሶዲየም ቤተሰብ መሆን አለበት። በዚያ ክብደት ላይ ግን ባዜቃን ፈሳሽ ያደረገው የአንጻራዊነት ጫና እጅግ ስለሚበረታ የቤተሰቡን ጠባይ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ገና በሙከራ የሚታይ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይህን ጥያቄ መረዳት ይችላል፤ ትንበያውን መጻፍ ይችላል፤ ለምን ሊሳሳት እንደሚችልም መናገር ይችላል። ያን ያደረገ ተማሪ ሜንዴሌቭ በ1871 የሠራውን ዓይነት ሥራ ሠርቷል።

ስለዚህ ፈተና አውጪዎችን፣ የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆችንና መምህራንን የምጠይቀው ግልጽ ነው። በሠንጠረዡ ላይ ከሚወጡት ጥያቄዎች ቢያንስ ግማሾቹ መልሳቸው በየትኛውም የተማሪ ደብተር ላይ ያልተጻፈ ይሁን። ተማሪው ጎረቤቶቹን ተመልክቶ የተሸፈነውን ሳጥን ይናገር፤ የተሰጠው ቁጥር ስህተት ከሆነ ስህተት ነው ይበል፤ ግምቱ ከልኬቱ ጋር ሲጣላ ምክንያቱን ይፈልግ። ለዚህ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት አያስፈልግም፤ የቀረውን የሚሠራው ራሱ ሠንጠረዡ ነው፤ የተሠራውም ለዚሁ ነው። ስሞቹን ብቻ የያዘ ተማሪ ፈተናው ሲያልቅ ይረሳቸዋል፤ በሠንጠረዡ ማሰብ የለመደ ተማሪ ግን ስሞቹን ቢረሳም መልሶ ያገኛቸዋል፣ ከዚያም አልፎ ማንም ያልነገረውን ይናገራል። ትምህርት ቤቶቻችን ሁለተኛውን ተማሪ ማፍራት ይችላሉ፤ ለዚህ ግን አስቀድመው እሱን የሚያውቅ ፈተና ማውጣት አለባቸው።